ዓይን ጨፍኖ መቆም

የእህቴ ባል «ጠጥቶ ነው» ብሎ ስሜን ያጠፋባትን ጠዋት እንደ ትናንት አስታውሳታለሁ። አረፋ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ቡታጅራ ውስጥ ቆርቆሮ የሚመታ ሰው ደህና ሥራ የሚያገኘው በዚያ ሰሞን ነው፤ አዲስ አበባ የሚነግደው ሁሉ ለአረፋ አገሩ ሲገባ አዲስ ጣሪያ ሥር ማረድ ይፈልጋል። የእህቴ ባል ሥራውን በኮንትራት ይይዛል፣ እኔ ጣሪያ ላይ እወጣለሁ። አሥራ አንድ ዓመት እንደዚህ ነው የኖርነው። እሱ መሬት ላይ ሆኖ ይጮኻል፣ እኔ ላይ ሆኜ እመታለሁ።

በዚያ ሰሞን ከሕመም ከተነሳሁ ገና አሥር ቀኔ ነበር። ደምህ ተመርዟል ብለውኝ ከሁለት ሳምንት በላይ ተኝቼ፣ ጠዋት ማታ መርፌ ተወግቼ፣ አልሐምዱሊላህ ድኛለሁ። ድኛለሁ እላለሁ እንጂ ስነሳ መሬቱ እንደ ድሮው አልጠበቀኝም። ስራመድ የየሱቁ ጽሑፍ ወደ ላይ ወደ ታች ይዘልብኛል። ጨለም ሲል ደግሞ እግሬን የት እንዳሳረፍኩ አላውቅም። ለእህቴ ባል ነገርኩት። «ጋሼ፣ አናቴን ያዞረኛል፤ ይሄን ሳምንት እታች ልሁን» አልኩት።

«መተኛት ለምደህ ነው። ሰውየው ለአረፋ ይገባል፣ ውጣ!» አለኝ።

ወጣሁ። ይቺን ልብ በሉልኝ፤ ነግሬዋለሁ።

መሰላሉ ላይ ቆሜ፣ ቆርቆሮውን ልቀበል ቀና ስል ዓለም ተገለበጠብኝ። የወደቅሁት አሸዋ ክምር ላይ ነው፤ ክንዴ ተላጠ እንጂ አጥንቴ አልተነካም። የቤቱ ባለቤት፣ ትልቅ ነጋዴ ነው፣ ለካ ሥራውን ሊያይ የመጣው ያን ዕለት ነው። «ምን ሆነ ይሄ ልጅ?» ብሎ ሮጠ። የእህቴ ባል ምን ማለት ነበረበት? «ከአልጋ የተነሳ በሽተኛ አስወጥቼ ነው» ማለት ነበረበት። አላለም። እጁን እያወናጨፈ «ተወው ባክህ፣ ጠጥቶ ነው» አለ። እኔ አፌ አሸዋ ሞልቶ፣ እየሰማሁት!

ወላሂ መጠጥ ከንፈሬን ነክቶት አያውቅም። እኛ ሰፈር ሰው ሰረቀ ቢባል ይታለፋል፤ ተጣላ፣ ተፋታ ቢባል ይረሳል። ጠጣ ከተባለ ግን አለቀለት፤ ሰላምታው ራሱ ይቀንሳል። ወሬው እኔ ክንዴን አሳሽጌ ሳልጨርስ እንሴኖ ገበያ ደርሷል። እዚያ በርበሬ የሚሸጥ የማውቀው ሰው ሐሙስ ዕለት ሲያየኝ «አሰላሙ አለይኩም» ካለ በኋላ እጄን ሳይጨብጥ ዞር አለ።

በአራተኛው ቀን ማታ፣ መግሪብ ሶላት ላይ ጉድ ፈላ። ሁለተኛው ረከዓ ላይ ሳለን መብራት ሄደ። ሌላው ሰው ምንም አልሆነም፤ ኢማሙም ቁርአን መቅራታቸውን አላቋረጡም። እኔ ግን ከሱጁድ፣ ከስግደቱ፣ ተነስቼ ልቆም ስል፣ የማየው ነገር ስለሌለ፣ ቀጥ ማለት ማለት ወዴት እንደሆነ ጠፋኝ። በግራዬ ያሉትን ሽማግሌ ትከሻ ያዝኩ፤ ይዣቸው ወደቅሁ። መስጊድ ውስጥ! በሶላት መሃል! ከኋላ አንዱ «አስተግፊሩላህ፣ እዚህም ጠጥቶ ይመጣል?» አለ። አንድም ሰው አፌን ያሸተተ የለም። ምን ያደርግላቸዋል? ፍርዱ ቀድሞኝ ገብቷል።

አፌን ያሸተተችው እህቴ ናት። በማግስቱ ጠዋት ቤቴ መጣች፤ «ና እስቲ» ብላ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችና ጠጋ ብላ አሸተተችኝ። እናታችን ስትሞት እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ አጥባ አብልታ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ምንም ሽታ አላገኘችም። ግን አሸተተች።

«እትዬ፣ አንቺም?» አልኳት።

«እሱ ነው ያለኝ፤ ምን ላድርግ?» አለች፣ ዓይኗን ሳታነሳ።

በእሷ አልተናደድኩም። የእሷንም እሱ ላይ ደመርኩበት። እኔ ቂመኛ ነኝ፤ ይሄን ደብቄ አላውቅም። ልጅ ሆኜ ለሰደበኝ ልጅ ጎልምሰን ሁለታችንም ሪዝ ካበቀልን በኋላ ስድቡን የመለስኩ ሰው ነኝ። ያን ጠዋት ሆዴ ውስጥ የተቋጠረው ነገር ግን ከሁሉም የከበደ ነበር። ሥራ የሚባል ነገር ጠፋ፤ «ጠጪ ጣሪያዬ ላይ አላስወጣም» ይሉኛል። የእህቴ ባል በእኔ ቦታ ሌላ ሰው አስገብቶ አረቅጥ ድረስ ሥራ ያዘ። እኔ ደጄ ላይ ቁጭ ብዬ ሲያልፍ አየዋለሁ። አንገቱን ደፍቶ እንኳ አያልፍም፤ ጭራሽ እጁን ያነሳልኛል!

ጤና ጣቢያ ሄጄ ብነግራቸው ጆሮህን ነው ብለው ወደ ወልቂጤ ላኩኝ። እዚያ ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥ አንዲት ልጅ አገኘሁ፤ የወልቂጤ ልጅ ናት፣ ጠረጴዛዋ ላይ መጽሐፍ ቅዱስ አለ፣ ንግግሯ ቀስ ያለ ነው። «ወንድሜ፣ ጫማህን አውልቅና እግርህን ግጠም። እሺ፣ አሁን ዓይንህን ጨፍን» አለችኝ። ጨፈንኩ። ሦስት እስክትቆጥር እንኳ አልቆየሁም፤ ወደ ጎን ሄድኩ፣ ክንዴን ያዘችኝ። ዓይኔን ስገልጥ ከአፌ ያመለጠኝ ቃል «አልጠጣሁም!» የሚል ነው።

ደንግጣ አየችኝ። «ማን ጠጥተሃል አለህ?» አለች። ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ ትልቅ ሰውዬ፣ በማላውቃት ልጅ ፊት።

እስክረጋ ጠብቃ «ዝም ብለህ ቁም» አለችኝ። ቆምኩ። «አሁን ምን እየሠራህ ነው?»

«ምን እሠራለሁ፤ ቆሜያለሁ።»

«እግርህን እይ እስቲ።»

አየሁ። ጣቶቼ ወለሉን ጨበጥ ለቀቅ ያደርጋሉ። ቁርጭምጭሚቴ ላይ ያለው ጅማት ብቅ ይላል፣ መልሶ ይጠልቃል። እኔ አላዘዝኩትም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ስቆም እግሬ እንዲህ እንደሚለፋልኝ አላውቅም ነበር።

«ሰው ሲቆም ዝም ያለ ይመስለዋል እንጂ ሁልጊዜ ትንሽ ትንሽ እየወደቀ ነው» አለችኝ። «ወደ ፊት ስታዘነብል ባትህ ይጎትትሃል፤ ወደ ኋላ ስትል የፊት ጡንቻህ ይመልስሃል። ይሄን የሚያዘው ነርቭህ ነው፤ ከእግርህ ወሬውን ወደ አከርካሪህና ወደ አንጎልህ ይወስዳል፣ አንተ ሳታውቀው ትእዛዙ ተመልሶ ይደርሳል።» ከዚያ ሦስት ጣቷን አወጣች። አንጎል የት እንዳለህ የሚያውቀው በዓይን፣ በጆሮ ውስጠኛ ክፍልና በእግር ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል በሁለቱ ይቆማል፣ ሁለቱ ከጎደሉ ይወድቃል። «መርፌው ነፍስህን አትርፎልሃል፤ የውስጥ ጆሮህን ግን ጎድቶታል። አንተ የምትቆመው በዓይንህና በእግርህ ነው። መብራት ሲጠፋ አንዱን ወሰዱብህ ማለት ነው።»

ሱብሐነላህ! ያን ሁሉ ሐሜት የተሸከምኩት ለዚህ ነው? ቀና ስል ወደቅሁ፣ ሲጨልም ወደቅሁ፤ ይኸው ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ደሜ ፈላ። ምክንያቱ በአንድ ጠዋት የሚነገር ነገር ነበር፤ አንድ ሰው «አሞት ነው» ቢልልኝ ኖሮ የሚበቃ ነገር ነበር።

ሌላም ነገር ነግራኛለች፤ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ከዚያ ስለሆነ አልዘለውም። እንደኔ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ የሚወድቁ ሌሎችም እንዳሉ አጫወተችኝ፤ ስኳር ያለባቸው። «የእነሱ ጆሮ ደህና ነው፤ እግራቸው ነው የደነዘዘው። እሾህ ቢወጋቸው አይሰማቸውም። ብዙዎቹ መታመማቸውንም አያውቁም። በጊዜ የመጣ ይተርፋል፤ የዘገየ እግሩን ያጣል» አለች። እኔ ያኔ ስለ ራሴ እያሰብኩ ነበር፤ ግን ሰምቻለሁ።

«እግርህን ካለማመድከው የጎደሉትን ድርሻ ይሸከምልሃል» ብላ የምሠራውን አሳየችኝ፤ ስምንት ወር ሠራሁ። ቤቴ ጥግ ላይ፣ ሁለት ግድግዳ መሃል ገብቼ፣ እግሬን ገጥሜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እቆማለሁ። አውራ ጣቴን አፍጥጬ እያየሁ ጭንቅላቴን ግራ ቀኝ እወዘውዛለሁ፤ እስኪያስመልሰኝ። ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣልኝ የእህቴ ባል ፊት ነው። ሌላው ሰው በሽታውን ለማሸነፍ ይሠራል፤ እኔ እሱን ለማሸነፍ ነው የሠራሁት። ልጅቷ በየወሩ ስታየኝ «ጎበዝ፤ እንደ አንተ የሚተጋ አላየሁም» ትለኛለች። ምን እንደሚያተጋኝ ብታውቅ ምን ትል ይሆን? መጀመሪያ እስከ ሦስት ቆየሁ፣ ከዚያ የቁርአን መክፈቻዋን ፋቲሓን ቀርቼ እስክጨርስ፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ እስክቀራት። ጣሪያ ላይ ዳግመኛ እንደማልወጣ ነግራኛለች። ጣሪያውን ተውኩት። ስሜን ግን አልተውም አልኩ።

ሽማግሌ ሰደድኩበት። እምቢ ማለት አልቻለም፤ የሰፈራችንን ሽማግሌዎች እምቢ ያለ ሰው ሲሞት ማን ይቀብረዋል? አንድ እሑድ ጠዋት በአንድ ሀጂ ግቢ ሰሌን ተነጥፎ ተቀመጥን። መስጊድ ውስጥ ይዣቸው የወደቅሁት ሽማግሌም ነበሩ። እህቴ ከሴቶቹ ጋር በር ላይ ቆማ ታያለች። የእህቴ ባል ከሥራ ነው የመጣው፤ ሸራ ጫማው ሲሚንቶ ለብሷል። «በዓይኔ ያየሁትን ነው የተናገርኩት፤ ሰው ሳይጠጣ እንዲያ ይንገዳገዳል?» አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

ይቺን ነበር የምጠብቀው። «ሀጂ፣ ይፍቀዱልኝ» ብዬ ተነሳሁ። እግሬን ገጠምኩ፣ እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። «ፋቲሓን ይቅሩልኝ» አልኳቸው። ቀሩ። ደገሙ። ጣቶቼ ሰሌኑን ሲቧጥጡት ይሰማኛል፤ ባቴ ይነዳል። አልወደቅሁም። ዓይኔን ገልጬ «እኔ ጠጪው እንዲህ ቆሜያለሁ። በሉ አሁን እሱ ያልጠጣው ይቁም» አልኩ።

ሰው ሳቀ። እሱም እየሳቀ ተነሳ፤ ቀላል መስሎታል። በእርግጥም ለጤነኛ ሰው ቀላል ነው። እኔ ያሰብኩት ትንሽ ወዝወዝ ሲል አይተው «አየህ፣ ማንም ይወዛወዛል» እንዲሉልኝ ነበር። ሰሌኑ ላይ ሊወጣ ጫማውን ሲያወልቅ ግን የሁሉም ዓይን እግሩ ላይ ቀረ። የግራ እግሩ ካልሲ በደም ርሷል። ጫማውን ገልብጠው ሲያዩት የቆርቆሮ ሚስማር ሶሉን በስቶ ገብቷል።

«አንተ! ይሄን ይዘህ ነው የዋልከው?» አሉ ሀጂ።

ጎንበስ ብሎ አየው። ፊቱ ላይ የመጣው ነገር ሕመም አልነበረም፤ መገረም ነው። ወዲያው ግን ሰው እያየው መሆኑን ሲያስታውስ ደረቱን ነፋ። «ምን አላት፤ ሥራ ላይ ስንት አለ» አለ። «ወንድ ማለት እንዲህ ነው!» አለ አንዱ ሽማግሌ፤ ሌሎቹም አደነቁ። እንኳን ሊያዝኑለት፣ አሞገሱት። ከዚያ እግሩን ገጥሞ ዓይኑን ጨፈነ። አንድ፣ ሁለት እንኳ ሳይባል እንደተቆረጠ ግንድ ሄደ፤ ሁለት ሰው ባይዘው ግንባሩ ይፈነከት ነበር።

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «በል፣ አንተስ ምን ጠጥተህ ነው?» አሉ እኚያ መስጊድ ውስጥ የጣልኳቸው ሽማግሌ። ፊቱ ዱቄት መሰለ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እኔ ብቻ አልሳቅሁም። ያየሁት ገብቶኛል። ሚስማሩ አልተሰማውም፤ ዓይኑን ሲጨፍን ደግሞ ወደቀ። እዚያ ግቢ ውስጥ ይሄ ሁለቱ አንድ ላይ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነበር።

ሀጂ ፈረዱ፤ ጁምዓ ዕለት ከሶላት በኋላ ዋሽቻለሁ ብሎ ይናገር አሉ። ከዚያ አስጠጉን። ጉልበቴን ይዞ «አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» አለኝ። እኛ ዘንድ አፉ ያለ ሰው ሆዱ ውስጥ አንዳች ማስቀረት የለበትም፤ የቀረውን እዚያው ሰሌን ላይ መናገር አለበት። ሀጂም ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ የቀረህ ነገር አለ? አሁን ተናገር።»

«ምንም የለም። አፉ ብዬዋለሁ» አልኩ። ዱዓ ተደረገ። ተሳሳምን።

ጁምዓ ዕለት ቃሉን ጠብቆ ተናገረ። ሰላምታዬ ተመለሰ፣ ሥራም ተገኘ፤ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አሸንዳ እያጠፍኩ እንጀራዬን እበላለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይበቃው ነበር። እኔ በሚቀጥለው ወር ወልቂጤ ሄጄ ልጅቷን ጠየቅኋት። እግሩ የማይሰማው፣ ዓይኑን ሲጨፍን የሚወድቅ ሰው ምን ያህል ጊዜ አለው አልኳት።

«ቁስል አለበት?» አለች።

«አዎ።»

«ነገ ዛሬ ሳትል ይዘኸው ና። ማን ነው?»

«አንድ የማውቀው ሰው ነው» አልኩና ወደ ቡታጅራ ተመለስኩ። ነገ እነግረዋለሁ ስል፣ ነገ ሲመጣ ያ አሸዋ አፌ ውስጥ ይታወሰኛል። እህቴ አንድ ቀን «ያቺ ሚስማር የወጋችው አልሽር አለች፤ በጨው ውሃ እያጠብኩለት ነው» አለችኝ። «አላህ ያሽረው» አልኳት። ሌላ ቀን «ጠቆረ» አለችኝ። ልናገር አፌን ከፈትኩ፣ ወላሂ ከፈትኩ፤ «ወንድ ነው፣ ይችለዋል» ብዬ ዘጋሁት።

እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። የደሙን ስኳር ያዩት ያኔ ነው።

መዋሸት አልፈልግም፤ ስሰማ ደስ አለኝ። ከእኩለ ቀን የዙህር ሶላት እስከ ተሲያት የዓስር ሶላት ድረስ ደስ አለኝ። ከዚያ እህቴን ሆስፒታል በር ላይ አየኋት፤ ጫማውን ይዛለች፣ ሁለቱንም። የትኛውን መጣል እንዳለባት አላወቀችም።

በክራንች መቆም እንዲለማመድ ወልቂጤ ላኩት። ይዛው የሄደችው እህቴ ናት። ሲጨዋወቱ ልጅቷ ከቡታጅራ መሆናቸውን ስትሰማ ስለኔ አነሳች፤ ወንድሟ መሆኔን ስታውቅማ ደስ ብሏት «እሱ እኮ ይሄን ሁሉ ያውቃል! እንዲህ ያለ ቁስል ስላለበት ሰው ጠይቆኝ፣ ነገ ዛሬ ሳትል ይዘኸው ና ብዬው ነበር። ያ ሰውዬ ታከመ?» አለቻት።

እህቴ ከወልቂጤ እንደተመለሰች ቀጥታ እኔ ጋ መጣች። አልተቀመጠችም።

«ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

«አውቅ ነበር።»

«አፉ ስትለውም?»

«አዎ።»

ትጮኻለች፣ ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። የደከማት ሰው ድምፅ ነው ያወጣችው። «እሱ ስምህን ነው የወሰደብህ፤ እሱንም መልሶልሃል» አለች። «አንተ የወሰድከውን ማን ይመልስልኛል? እያነሳሁ የማስተኛው እኔ ነኝ።»

«ነገርሽው?» አልኳት።

«አልነገርኩትም። አልነግረውምም። አንተም አትነግረውም» አለች። «መቆም የሚያውቅ አንተ ነህ። ነገ ከሱብሂ በኋላ ትመጣለህ፣ ታስተምረዋለህ።»

ይኸው ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፣ በየጠዋቱ እሄዳለሁ። ብብቱን ይዤ አነሳዋለሁ። «ጋሼ፣ ዓይንህን ግድግዳው ላይ ትከል፤ አትጨፍን» እለዋለሁ። የቀረችው እግሩ ምንም አትነግረውም፣ ስለዚህ ይበልጡን በዓይኑ ነው የሚቆመው፤ ሲያዘነብል ደረቴ ላይ ይወድቃል፣ እኔም ባቴ እየተንቀጠቀጠ ሁለታችንንም አቆማለሁ። ሲቀመጥ እጁን ይዘረጋል። «እኔ ስምህን አጥፍቼ አንተ ትደግፈኛለህ። አላህ ይውደድህ፣ የሥራህን ይስጥህ» ብሎ ይመርቀኛል፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። እህቴ ከበሩ አትጠፋም። ዓይኔን እያየች «አሚን በል እንጂ» ትለኛለች።

እላለሁ።